ክርስትናዬ ሥራ ቦታ ላይ እንዴት ይታይ? ካሸር ሆኜ የገጠመኝ

ካሸሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምሠራው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ቀለም፣ ሚስማር፣ የቧንቧ ዕቃ እንሸጣለን። በፊት መጋዘን ነበርኩ። ካሸሯ ስትለቅ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ደመወዜም ጨመር አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። የድርጅት ገንዘብ ይዘው የሚገዙ ፐርቸዘሮች አሉ። አንዳንዱ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህት፣ ቀለሙን ከፍ አድርገሽ ቁረጪልኝ» ይላል። ልዩነቱ ወደ ኪሱ ሊገባ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ገና በሩ ላይ ቆሞ «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ይላል፣ 15 በመቶው ቫት እንዲቀርለት። አለቃዬ «ደንበኛ ነው፣ ያለሽን አድርጊለት» አሉኝ። የደረሰኝ ማሽኑ ደህና እየሠራ «ማሽኑ ተበላሽቷል በያቸው» ያሉኝ ቀንም አለ። እስካሁን እንዲህ ያለው ሲመጣ «ጋሼን አናግሩ» እያልኩ ወደ ውስጥ እልካለሁ እንጂ በእጄ አልቆረጥኩም። ግን እስከ መቼ?

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ጋሼ ክፉ ሰው አለመሆናቸው ነው። ሳይሳለሙ ሥራ አይገቡም። ሱቁ ሲከፈት መጀመሪያ የሚከፈተው መዝሙር ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሲጠየቁ እጃቸው አይታጠፍም፣ እናቴ ታማ የተኛች ጊዜም ሳልጠይቃቸው ነው የደረሱልኝ። ልጠላቸው አልችልም፣ አልፈልግምም።

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ማተቤን ሁሉም ያየዋል። የመጋዘኑ ልጅ ሙስሊም ነው፣ ባለፈው «አንቺ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነሽ፣ ምን እንደምታደርጊ እያየሁ ነው» አለኝ። በክፋት አይደለም፣ የምሩን ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ክርስትናዬ ሥራዬ ላይ እንዲታይ እፈልጋለሁ፣ ጻድቅ ነኝ ባይ መምሰል ግን አልፈልግም። ጌታ በአንድ በኩል ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ይላል፣ በሌላ በኩል ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። የቱን ልያዝ? እንቢ ስልስ ምን ብዬ ልበል? ጾሙ ሳያልቅ አንድ ነገር ላይ መድረስ እፈልጋለሁ። ቀልድ እንዳታደርጉት አደራ።

ጡረተኛ ሒሳብ ሠራተኛ

ልጄ፣ ዕድሜዬን ከደረሰኝ ጋር ስለጨረስኩ ከደረሰኙ ልጀምር።

ዋጋ አስበልጦ መቁረጥና ሐሰተኛ ደረሰኝ ማዘጋጀት በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ወንጀል ነው፣ ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ እስራትም አለበት። «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚለው ቃል መርማሪ ፊት ብዙ አያስኬድም። ደረሰኙ ላይ የሚገኘው ያንቺ እጅ ነው። ይህን ያልኩሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ለጋሼ ስትነግሪያቸው ይህም አንድ ምክንያት እንዲሆንሽ ነው። ለእሳቸውም ማሰብሽ ነውና።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሉቃስ 3ን አንብቢ። ሕዝቡ ወደ ዮሐንስ መጥምቅ እየመጣ «ምን እናድርግ?» ይለዋል። ቀራጮችም መጡ፣ ጭፍሮችም መጡ። እሱ በረሃ የሚኖር፣ አንበጣና የበረሃ ማር የሚበላ መናኝ ነው። ከእንደዚህ ያለ ሰው ሥራችሁን ጥላችሁ ተከተሉኝ የሚል መልስ ትጠብቂያለሽ። እሱ ግን ቀራጩን ከታዘዘልህ አብልጠህ አትውሰድ አለው። ጭፍራውንም በማንም ላይ ግፍ አትሥራ፣ ደመወዝህ ይብቃህ አለው። እያንዳንዱን እዚያው በሚሠራበት ወንበር ላይ ነው ያገኘው። አንቺም ያለሽበት ወንበር የካሸር ወንበር ነው።

አነጋገሩን በተመለከተ፦ ሰው ፊት አትናገሪያቸው። ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ ግቢና «ጋሼ፣ እርስዎን ስለማከብር ነው የምነግርዎት፣ በእውነተኛው ዋጋ የምቆርጠውን ሁሉ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ ውጪ ግን እጄ አይሄድልኝም» በያቸው። ጥቅስ አትጥቀሺ። ስብከት ከጀመርሽ ነገሩ ክርክር ይሆናል። ወንበሩን ሊያስለቅቁሽ እንደሚችሉም አስቀድመሽ አስቢበት። ወደ መጋዘን ለመመለስ ፈቃደኛ መሆንሽን አንቺው ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው፣ ለሥልጣን እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

የሳሪሷ

እህቴ በርቺ። ጡረተኛው አባታችን ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፣ እኔ ግን ስለ ቤት ልናገር፣ ምክንያቱም ሥራ ቦታ ላይ የሚያይ ሰው አለ፣ ቤት ውስጥ ግን በሩ ዝግ ነው።

ይኸው ዐቢይ ጾም ገብቷል። 55 ቀን ሙሉ ሥጋም ወተትም የለም፣ ብዙዎቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አንቀምስም። ደስ ይላል። ግን እኛ ሰፈር የማየው ያሳዝነኛል። እመቤቲቱ ከኪዳን ትመለሳለች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታጥፍ ሽሮው ቀጠነ ብላ በሠራተኛዋ ላይ ትጮኻለች። ልጅቷም እኮ ጾመኛ ናት! ለዚያውም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ልብስ ስታጥብ ያረፈደች ጾመኛ። ደመወዟ «እናጠራቅምልሻለን» እየተባለ ወራት ያልፋል፣ ስትጠይቅ «ምን ጎደለብሽ?» ትባላለች። እሁድ ደግሞ ደጀ ሰላሙ ጋ ለነዳያን ሳንቲም ሲታደል አያለሁ።

ኢሳይያስ 58 ስለዚህ አይደል እንዴ የሚናገረው? ሕዝቡ «ጾምን፣ ለምን አልተመለከትክም?» ሲለው እግዚአብሔር በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ብሎ ነው የመለሰላቸው። ያዕቆብ ደግሞ ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማው የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ሠራተኛዋ ዝም ብትል ደመወዟ ራሱ ይጮኻል ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይነዝረኛል።

እኛ ቤት የወሰድነው መንገድ ቀላል ነው፣ ሐሳቡም የባለቤቴ ነው። ደመወዟ በቀኑ በራሷ ደብተር ይገባል። ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት። ማታ ትምህርት ስትሄድ እራት የሚያቀርበው ቤት ያለ ሰው ነው። ጾም ሲገባ እኛ የምንበላበት ሰዓት የእሷም ሰዓት ነው፣ ከእኛ ተርፎ አይደለም። ይሄ ጽድቅ ሆኖ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ሃይማኖታችን መጀመሪያ የሚታየው ለእሷ ነው፣ ምክንያቱም እሷ መልስ ልትሰጠን አትችልም።

ዲያቆን ነኝ

ሁለቱ ቃላት እርስ በርስ የሚጋጩ መስለውሽ ከሆነ አይጋጩም። ማቴዎስ 6 ላይ በስውር አድርጉ የተባሉት ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ናቸው። ለታይታ ሊደረጉ በጣም የሚመቹት እነዚህ ናቸውና። ማቴዎስ 5፥16 ደግሞ «መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ» ይላል። ልብ በይ፣ እናንተን እንዲያከብሩ አላለም። ምስጋናው ወዴት ይሄዳል? ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

አንቺ ደግሞ ሳትፈልጊው በሰው ፊት ነሽ። ማሽኑ መስኮት ላይ ነው፣ ደብቀሽ እውነተኛ መሆን አትችዪም። ስለዚህ ስለ መታየት አትጨነቂ። ምጽዋትሽን ደብቂ፣ ደረሰኙን ግን በግልጽ ቁረጪ።

ስለ ጋሼሽ አንድ ነገር ልጨምር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አንጾኪያ ላይ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያለበሱ በውጭ ሲታረዝ ማለፍን አጥብቆ ገሥጿል። መስጠት አትስጡ አላለም፣ ስጡ፣ ግን ወንድማችሁን አስቀድሙ ነው ያለው። ዘኬዎስንም አስታውሺ። ጌታ ቤቱ ሲገባ ምኩራብ እሠራለሁ አላለም። የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጋሼ ለሕንፃው የሚሰጡት ገንዘብ መልካም ነው፣ ግን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አምላክ ነው ያለን። ይህን አንቺ አትንገሪያቸው፣ የንስሐ አባታቸው ሥራ ነው።

ነጋዴ ከመርካቶ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አብዛኞቻችሁ ደመወዝተኞች ናችሁ፣ ስለዚህ ከዚህኛው ወገን ያለውን ልንገራችሁ።

እኔ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ሁልጊዜ። ጎረቤቴ ያለ ደረሰኝ ይሸጣል። ደንበኛ እኔ ጋ ዋጋ ይጠይቅና በፊቴ አልፎ እሱ ጋ ይገባል። 15 በመቶ ቀላል ልዩነት አይደለም። ጅምላ አከፋፋዩ ራሱ ያለ ደረሰኝ ካልሆነ ዕቃ የለም የሚልበት ቀን አለ። ያኔ ያለ ደረሰኝ የገዛሁትን በደረሰኝ ስሸጥ ግብሩ በእኔ ላይ ይደርባል፣ ወጪውን የማሳይበት ወረቀት የለኝማ። ታዲያ «ክርስቲያን ነህ፣ በእውነት ነግድ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፣ የሚያስከፍለውን ግን ማንም አይነግርህም። የእህታችን አለቃም ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ፣ የተጨነቁ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

ቢሆንም ማስበለጡ ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ ደረሰኝ መሸጥን ሰው በጭንቀት ሊገባበት ይችላል፣ የሌላ ድርጅት ገንዘብ ሲሰረቅ ወረቀቱን ማዘጋጀት ግን ለሌባ መሰላል መያዝ ነው፣ ምንም ማመካኛ የለውም። እሱ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም ያዢ።

እኔ የቆየሁት በጥቃቅን ደንበኞች ነው። ቤቱን በራሱ ገንዘብ የሚሠራ ሰው አምኖኝ ይመጣል፣ 12 ቁጥር ፌሮ ብዬ የሰጠሁት 12 እንደሆነ ያውቃል። ሀብታም አልሆንኩም። ልጆቼን ግን ከዚሁ ሱቅ ነው የማስተምረው።

ጡረተኛ ሒሳብ ሠራተኛ

ነጋዴው ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፣ ያልከው ችግር አለ። ያለ ደረሰኝ አልሸጥም ከሚል አቅራቢ ጋር ለመቆየት የገበያውን ግማሽ መተው ያስፈልግ ይሆናል። ያንን እያወቅክ መቆየትህን ሳነብ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይባርክህ።

ጅዳ ያለች

ሥራ ጨርሼ ነው የማነበው። እኔም ልጻፍ።

እዚህ ሳዑዲ ቤተ ክርስቲያን የለም። ደወል የለም፣ ማኅሌት የለም። ማተቤ ከልብሴ ውስጥ ነው። ማታ ክፍሌ ስገባ ውዳሴ ማርያም በስልኬ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ፣ በቃ። መጀመሪያ ሰሞን ክርስትናዬ የቀረ መስሎኝ አለቅስ ነበር።

የማዳሜ እናት ታማ ከአልጋ አትነሣም ነበር። ገላዋን አጥባት፣ አገላብጣት፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ቅባት እቀባት ነበር። ሰውነቷ ሲነካ ስለሚያማት መጀመሪያ እጄን በሙቅ ውኃ አሞቀዋለሁ። እናቴ ብትሆን እንዴት እነካት ነበር ብዬ ነው። ማንም አላየኝም፣ ማንም ሃይማኖትሽ ምንድን ነው ብሎ በዚህ ምክንያት አልጠየቀኝም። አሮጊቷ አረፈች፣ እኔም ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ደመወዝ አልጨመሩልኝም።

ይህን የምጽፈው ለካሸሯ ነው። እውነተኛ ስትሆኚ አለቃሽ ይለወጣሉ፣ የመጋዘኑ ልጅ ይደነቃል ብለሽ አትጠብቂ። ምንም ላይሆን ይችላል። እንደዚያም ሆኖ አድርጊው።

የደሴ ልጅ

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ርዕሱን አይቼ ነው የገባሁት፣ ይቅር በሉኝ። ልጅቷ የመጋዘን ልጅ ስላለች የእሱን ቦታ ሆኜ ልናገር።

ያደግኩት ደሴ ነው። ሰፈራችን ውስጥ እህል የሚሸጡ አንዲት ክርስቲያን እናት ነበሩ። እናቴ ሌላ ቅርብ ሱቅ እያለ እሳቸው ጋ ነበር የምትልከኝ። ልጅ ስለሆንኩ የሚሆነውን ሁሉ ልብ ብዬ አያለሁ። ከመመዘናቸው በፊት የሚዛኑን ሰሃን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ባዶውን ያሳዩኛል፣ «አየህ ልጄ?» ይሉኛል። አየሁ እስክል እህሉን አይጨምሩም። ለልጅ ነው እኮ ይህን የሚያደርጉት፣ ማታለል ቢፈልጉ ምን አውቅ ነበር። ከተመዘነ በኋላ ደግሞ በእፍኝ ምራቂ ይጨምራሉ።

እኔ ወንጌል አላነበብኩም። ክርስቲያን ጥሩ ሰው ነው ወይ ብትሉኝ ግን ትዝ የሚሉኝ እኚያ እናት ናቸው። የመጋዘኑ ልጅም የሚያይሽ እንደዚህ ነው። እኛም ዘንድ ሚዛን ማጉደል ከባድ ኃጢአት ነው፣ ቁርኣን ውስጥ ስለሚያጎድሉ ሰዎች የሚናገር ምዕራፍ አለ። ስለዚህ እንቢ ስትዪ አጠገብሽ የሚቆም ልታገኚ ትችያለሽ። አናግሪው።

የወንጌል አማኝ

የደሴው ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ልብ የሚነካ ነው።

እኔ በአንድ ነገር ብቻ ትንሽ እለያለሁ። እዚህ ብዙ ሰው «አትናገሪ፣ አሳዪ» እያለ ነው። ልክ ነው፣ በተለይ መዝሙር በስፒከር ከፍቶ ሰው ለሚያታልል። ግን ዝምታም ፍርሃት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጴጥሮስ በ1ኛ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ይላል፣ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ብሎም ይጨምራል። ቅደም ተከተሉን እዩት፣ መጀመሪያ ሰው የሚጠይቅበት ኑሮ አለ፣ ከዚያ መልስ አለ። የመጋዘኑ ልጅ እኮ ጠይቋል! «ምን እንደምታደርጊ እያየሁ ነው» ማለት ጥያቄ ነው። ቀኑ ሲመጣ «ለምን እንቢ አልሽ?» ቢልሽ «እንዲሁ አልተመቸኝም» ብለሽ አትለፊው። በሁለት ዓረፍተ ነገር እውነቱን ንገሪው።

ዲያቆን ነኝ

በዚህ እስማማለሁ። ከተጠየቀች ትመልስ።

ካሸሯ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጅዳዋ እህቴ፣ የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብኩላት፣ ስምሽን ሳታውቅ ስትጸልይልሽ አመሸች።

ዛሬ ጠዋት ጋሼን አነጋገርኳቸው። አባቴ እንዳሉኝ ጥቅስ አልጠቀስኩም። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝ። ወደ መጋዘን ልመለስ እችላለሁ ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ማን ተመለሺ አለሽ?» አሉ። ከዚያ እናያለን ብለው ወጡ። አልተቆጡም፣ እሺም አላሉም።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ፐርቸዘር ሲመጣ የእህታቸውን ልጅ ጠርተው እሱ እንዲቆርጥለት አደረጉ። እኔን አልፈው ማለት ነው። እኔ ከነገሩ ወጣሁ፣ ነገሩ ግን እንዳለ ነው። ማታ የቀኑን ሒሳብ ዘግቼ ዜድ ሪፖርቱን (ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ጠቅልሎ የሚያወጣውን ወረቀት) አውጥቼ የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ፣ እሱ የቆረጠውም እዚያው ውስጥ አለ። ዛሬ ልጁ ቁልፉን ይዞ ስለሄደ አልዘጋሁም፣ ለነገ ተላልፏል። ይሄስ ምን ይባላል? እጄ ንጹሕ ነው ልበል?

የመጋዘኑን ልጅ አናገርኩት። ለምን እንደሆነ ነገርኩት። «እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እንደዚያ እል ነበር» አለኝ፣ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ጡረተኛ ሒሳብ ሠራተኛ

ጎበዝ ልጅ። ከባዱን ተናግረሻል።

ፊርማው ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። ያልቆረጥሽውን አትፈርሚ። ነገ ሒሳቡን ከመዝጋትሽ በፊት ለጋሼ «የቆረጥኩትን እኔ እፈርማለሁ፣ ልጁ የቆረጠውን ልጁ ይፈርም» በያቸው፣ ልጁም ማሽኑ ላይ ሲቀመጥና ሲነሣ ርክክቡ በሰዓት ይጻፍ። ይህን የሚከለክል ነጋዴ የለም፣ የሒሳብ አሠራሩም ይኸው ነው። ልጁ በስሙ ፈርም ሲባል ምናልባት እሱም መጠየቅ ይጀምር ይሆናል። የርክክብ ደብተሩን ደግሞ ከሱቁ እንዳትጠብቂ፣ በራስሽ ገንዘብ ግዢ።